የሚቀርጸው ማነው? ስለ ትንንሾቹ ኮምፒውተር መር የእንጨት መቅረጫ ማሽኖች

በትምህርት ክፍላችን ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አንድ የማያልቅ ክርክር ተነስቷል። ክርክሩ በወርክሾፑ በር ላይም፣ በሻይ ቤትም፣ አንዳንዴም መምህር ፊት ለፊት ቆሞ እያለ ይሰማል። ጉዳዩ በኮምፒውተር እየተመሩ እንጨት የሚቀርጹትን፣ በተለምዶ ሲኤንሲ እያልን የምንጠራቸውን ማሽኖች ይመለከታል። በተለይም ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው በመኖሪያ ቤት ወይም በትንሽ ጋራዥ ውስጥ መሥራት የሚችሉትን ትንንሾቹን። ከተማሪው ገሚሱ «ከዚህ በኋላ መሮና መዶሻ ይዞ የሚቀመጥ ሰው ጊዜውን በከንቱ የሚያባክን ነው» ይላል። ከመምህራኖቻችን አንዳንዶቹ ደግሞ «ማሽኑ ከገባ እጃችሁ ይሞታል፤ ተመርቃችሁ የምትወጡት ቁልፍ ተጫኞች ሆናችሁ ነው» ይሉናል። ሁለቱም ወገን እውነት አለው፤ ሁለቱም ወገን ግን ዋናውን ጥያቄ አልጠየቀም ብዬ አስባለሁ።

የእኔን አቋም አስቀድሜ ላስቀምጥና ወደ ዝርዝሩ ልግባ። ትንንሾቹ ማሽኖች ወደ ወርክሾፓችን መግባት አለባቸው ባይ ነኝ። ነገር ግን የሚገቡት በመሮ ቦታ ሳይሆን ከመሮ በኋላ መሆን አለበት። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚቀረጸው ንድፍ የራሳችን መሆን አለበት። ምክንያቱም ማሽኑ እንጨት ይቆርጣል እንጂ አይቀርጽም። የሚቀርጸው ንድፉን ያወጣው ሰው ነው። ንድፉን ከሌላ ገዝተን ማሽኑን ብቻ የምናበራ ከሆነ እኛ ቀራጮች ሳንሆን የማሽን ጠባቂዎች ነን።

ማሽኖቹ ከየት መጡ?

በቁጥር ትእዛዝ የሚሠራ ማሽን ሐሳብ የዛሬ አይደለም። ጆን ፓርሰንስ የተባለው አሜሪካዊ የሄሊኮፕተር ክንፎችን ጠመዝማዛ ቅርጽ በትክክል ለማውጣት ሲል ልኬቶቹን በቁጥር አዘጋጅቶ ማሽን እንዲከተላቸው ማድረግን አሰበ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1952 የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም በተበሳ የወረቀት ጥብጣብ ትእዛዝ የሚቀበል የብረት መቁረጫ ማሽን ሠርቶ አሳየ። ለረጅም ዓመታት እንዲህ ያለው መሣሪያ የአውሮፕላንና የመኪና ፋብሪካዎች ብቻ ሀብት ሆኖ ቆየ። የእንጨት ሠራተኛ ቤት የሚገባ ነገር አልነበረም።

ነገሩን የለወጠው የዋጋ መውደቅ ብቻ አይደለም፤ ዕውቀቱ ክፍት መሆኑም ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በጣልያን አገር ኢቭሬያ ከተማ ለተማሪዎች ተብሎ አርዱዪኖ የተባለ ርካሽ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ2009 ኖርዌጂያዊው ሲመን ስቫለ ስኮግስሩድ በዚያ ሰሌዳ ላይ የሚሠራ ጂአርቢኤል የተባለ ፕሮግራም ጽፎ ማንም ሰው በነጻ እንዲጠቀምበት፣ እንዲያሻሽለውም ለቀቀው። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ አሜሪካዊው ኤድዋርድ ፎርድ ሼፕኦኮ የተባለውን ትንሽ ማሽን ንድፉን ለሁሉም ክፍት አድርጎ አወጣ። ከዚህ በኋላ የቻይና ፋብሪካዎች ነገሩን ተቀብለው ዛሬ ሁላችንም የምናውቃትን ሠላሳ አሥራ ስምንት (3018) የምትባለውን ዓይነት ማሽን አባዙት። ስሟ የመጣው ከሥራ ቦታዋ ስፋት ነው፤ 30 በ18 ሴንቲ ሜትር። ዋጋዋ ከአንድ ደህና ላፕቶፕ ዋጋ ያነሰ ነው።

ለማያውቁት አንባብያን አሠራሩን ባጭሩ ልግለጸው። ሰውዬው በኮምፒውተር ላይ ንድፍ ያወጣል። ሌላ ፕሮግራም ያንን ንድፍ መቁረጫው ጫፍ የሚሄድበት መንገድ አድርጎ ይቀይረዋል፤ ይህም ጂ-ኮድ በሚባል የቁጥር ቋንቋ ይጻፋል። መቆጣጠሪያ ሰሌዳው ቁጥሩን መስመር በመስመር እያነበበ ስቴፐር ሞተሮቹን ወደ ቀኝና ግራ፣ ወደ ፊትና ኋላ፣ ወደ ላይና ታች ያንቀሳቅሳል። በቃ፣ ይኸው ነው። ማሽኑ የሚያውቀው ሦስት አቅጣጫ ብቻ ነው። እንጨት መሆኑን እንኳ አያውቅም።

ማሽኑ የማያውቀውን ማን ይወቅ?

እዚህ ላይ ነው «መሮ ቀረ» የሚሉትን ጓደኞቼን የምሞግታቸው። በመሮ የሠራ ሰው የእንጨቱን ጅማት በእጁ ያውቀዋል። ጅማቱን ተቃርኖ ሲገፋ መሮው ይሰምጣል፣ እንጨቱ ይነቀላል፤ ስለዚህ እጁን አዙሮ ከሌላው ወገን ይመጣል። ማሽኑ ይህን አይሰማም። ጅማቱ በየትኛውም አቅጣጫ ይሁን፣ ጉጥ ይኑር አይኑር፣ የታዘዘውን ይሄዳል። ጉጥ ላይ ሲደርስ ወይ ቀጭኑን ጫፍ ይሰብራል ወይም ሞተሩ ሁለት ሦስት እርምጃ ይዘልና ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ ይጣመማል። ስለዚህ ጣውላውን የሚመርጠው፣ ጅማቱን አይቶ ጫፉ ከየት ወደ የት እንዲሄድ የሚወስነው ሰው ከማንም በላይ እንጨት ማወቅ አለበት።

የፍጥነት ስሌቱንም እንመልከት። ሁለት ስለት ያለው መቁረጫ በደቂቃ 10,000 ጊዜ ሲዞርና ማሽኑ በደቂቃ 1,000 ሚሊ ሜትር ሲጓዝ፣ እያንዳንዱ ስለት በእያንዳንዱ ዙር የሚያነሳው 1,000 ለ20,000 ተካፍሎ 0.05 ሚሊ ሜትር ነው። «ይጠንቀቅ» ብለን ጉዞውን እጅግ ዝግ ብናደርገው ስለቱ መቁረጡን ትቶ መፋቅ ይጀምራል፤ ይግላል፣ እንጨቱን ያጠቁራል፣ ራሱም ይዶለዱማል። ይህን አናጺዎቻችን ያለ ስሌት ያውቁታል። ፒያላ ላይ ጣውላ ሲቆም እንደሚቃጠል ያላየ ማን አለ?

ጊዜውም ቢሆን እንደሚወራው አይደለም። 15 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነች ትንሽ ብቅ ያለ ቅርጽ ለመጨረስ ማሽኑ በ0.3 ሚሊ ሜትር ልዩነት ቢመላለስ 500 ጊዜ መመላለስ አለበት። 500 ጊዜ 15 ሴንቲ ሜትር 75 ሜትር ነው። በደቂቃ አንድ ሜትር ቢሄድ 75 ደቂቃ ይፈጃል፤ ይህም መጀመሪያ ሻካራውን የሚያነሳበትን ጊዜ ሳይጨምር ነው። የሰለጠነ ቀራጭ በዚህ ጊዜ ውስጥ ስንት ነገር እንደሚሠራ መምህራኖቻችን ይመስክሩ። የማሽኑ ጥቅም ፍጥነቱ ሳይሆን አሥረኛውንም ልክ እንደ መጀመሪያው ማውጣቱ ነው።

ከዚያ ደግሞ እንጨት ሕይወት አለው የሚባለው ለጌጥ አይደለም። ጣውላ ሲደርቅ በዕድሜ ቀለበቶቹ ዙሪያ የሚሸበሸበው ከመሐል ወደ ውጭ ከሚሸበሸበው ሁለት እጥፍ ያህል ነው። በደንብ ያልደረቀ ጣውላ አንድ ፊቱ ብቻ በጥልቀት ሲቀረጽ ውጥረቱ ሚዛኑን ያጣና ማታ ቀጥ ብሎ የነበረው ጠዋት እንደ ሰፌድ ጎድጉዶ ይገኛል። ማሽኑ በሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ትክክል ቢሆን ምን ይጠቅማል? እንጨቱ በአንድ ሌሊት ከዚያ በላይ ከተንቀሳቀሰ ትክክለኝነቱ ወረቀት ላይ ቀረ ማለት ነው።

በርጩማውን ማን ይሥራው?

በሌላ በኩል «ማሽኑ የእጅ ባለሙያውን ያጠፋዋል» የሚሉትን ደግሞ የጅማን በርጩማ እንዲያዩ እጋብዛቸዋለሁ። ሦስት እግር ያለው፣ መቀመጫው እንደ ሳህን የጎደጎደ፣ ያለ ሚስማርና ያለ ኮላ ከአንድ ግንድ የሚወጣ ሥራ ነው። ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጠው ማሽን ይህን አትሠራውም። የመቁረጫው ጫፍ ከላይ ወደ ታች ብቻ ስለሚመጣ ከመቀመጫው ሥር ገብቶ እግሮቹን ማውጣት አይችልም። የኮንሶውን ዋካም ብንወስድ ያው ነው፤ ለጀግና መታሰቢያ የሚቆመው ሐውልት ዙሪያውን የሚታይ እንጂ ጠፍጣፋ አይደለም።

ማሽኑ የሚያምርበት ጠፍጣፋ ሥራ ነው። የበርና የቁም ሣጥን ፊት፣ የአልጋ ራስጌ፣ የስም ሰሌዳ፣ የሥዕል ፍሬም፣ የሳጥን ክዳን። በዚህም ውስጥ ቢሆን ክብ ጫፍ ስለታም ውስጣዊ ማዕዘን ማውጣት አይችልም፤ ማዕዘኑን ክብ አድርጎ ይተወዋል። ያንን ማዕዘን የሚያወጣው መሮ ነው። እንግዲህ «ከእጅ አይሻል ዶማ» የሚለው አባባል ለአንዳንዱ ሥራ እውነት ነው፤ ለአንዳንዱ ደግሞ አይደለም። ሙያ ማለት የቱ ለየቱ እንደሆነ መለየት ነው።

የትኛው ነው ከላይ የሚያልፈው?

ዋናው ቁም ነገር ግን ንድፉ ነው። ባለፉት ሁለት የክረምት ዕረፍቶች በአጎቴ ልጅ ወርክሾፕ ውስጥ ስሠራ ነበር። ከዱባይ ሲመለስ ይዟት የመጣት አንዲት ትንሽ ማሽን አለችው። የሚመጣው ደንበኛ አብዛኛው ፍላሽ ዲስክ ይዞ ነው የሚመጣው። ውስጡ የተገዛ ወይም ከሰው የተገለበጠ ንድፍ አለ፤ የአንበሳ ፊት፣ ጽጌረዳ፣ የወይን ዘለላ። ምን አለፋችሁ፣ ያው ጽጌረዳ በአንድ ሳምንት ውስጥ በሦስት የአልጋ ራስጌ ላይ ወጥቷል።

አንድ ጊዜ ታዲያ አንድ ደንበኛ የመስቀል ንድፍ ይዞ መጣ። «የኢትዮጵያ መስቀል» የሚል ስም ተሰጥቶታል። ማን እንደሣለው አይታወቅም፤ እኛን የሚያውቅ ሰው ግን አልነበረም። ማሽኗ እንደታዘዘችው ቀረጸችው። ከወርክሾፑ ማዶ ዕድሜያቸውን በሙሉ እንጨት ሲቀርጹ የኖሩ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው አሉ። ጣውላውን አንስተው ወደ ብርሃን አዞሩትና «ልጆቼ፣ መስመሩ ንጹሕ ነው። ግን የትኛው ነው ከላይ የሚያልፈው?» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመስቀሎቻችንና በብራና መጻሕፍቶቻችን ላይ የምናየው ሐረግ መስመር ብቻ አይደለም፤ ጉንጉን ነው። አንዱ ክር በአንዱ ላይ ያልፋል፣ ቀጥሎ ደግሞ በሥሩ ይሾልካል፤ እንዲህ እየተፈራረቀ መጀመሪያና መጨረሻ ሳይኖረው ይዞራል። ያንን ፋይል የሣለው ሰው ከፎቶግራፍ ላይ ጠርዞቹን ብቻ ተከትሎ ስለገለበጠው ሁሉም መስመር በእኩል ጥልቀት ተቆረጠ። ጉንጉኑ ፍርግርግ ሆነ። እንደ መስኮት ብረት ማለት ነው። ጋሼ መሮ አንስተው መገናኛዎቹን አንድ በአንድ ዝቅና ከፍ አደረጓቸው። ግማሽ ሰዓት አልፈጀባቸውም። ሐረጉ ተነሳ።

እሳቸው የሠሩትን በኮምፒውተርም መሥራት ይቻላል። በእያንዳንዱ መገናኛ ላይ ከታች የሚያልፈውን መስመር መበጠስና ጥልቀቱን ወደ መገናኛው ሲቀርብ ዝቅ ማድረግ ነው። ከዚያ በኋላ ከአጎቴ ልጅ ጋር ሆነን ጋሼ በእርሳስ እየሣሉልን ሁለት ሐረጎችን እንዲህ አውጥተናል። ግን ልብ በሉ፤ ይህን ለማድረግ የትኛው ከላይ እንደሚያልፍ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህን ዕውቀት ማሽኑም አይሰጥም፣ ፋይል የሚሸጠውም ሰው የለውም። ያላቸው ጋሼና እንደ እሳቸው ያሉ ሰዎች ናቸው። እነሱ ሲያልፉ ደግሞ አብሮ ያልፋል።

የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ በእንስሳት ምስል በተቀረጹ ጣውላዎች የተሸፈነ ነው። የሐረር በሮች አሉ። የጉራጌ ቤት ምሰሶ፣ የሲዳማና የወላይታ ቤት ዕቃ፣ የየአካባቢው ትራስና ገበታ አለ። ከነዚህ ውስጥ ተለክቶ፣ ተሥሎ፣ ለተማሪ የሚሰጥ ሆኖ በክፍላችን መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ስንት ነው? ጥያቄውን ለመምህራኖቼ ትቸዋለሁ። የአንበሳው ፊትና ጽጌረዳው ግን ለሁላችንም ይደርሳል፤ ምክንያቱም ሌላው ሕዝብ የራሱን ሥሎ አስቀምጧል።

ማሽኑ የሚያስከብረን ለምንድን ነው?

አንድ ደስ የማይል ነገርም ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ብዙዎቻችን ማሽኑን የምንወደው ሥራው ስለሚያምር ብቻ አይደለም። ኮምፒውተር ስላለው ነው። መሮ ይዞ የተቀመጠ ሰው «አናጺ» ይባላል፤ ላፕቶፕ ከፍቶ የቆመው «ቴክኒሺያን» ይባላል። ቤተሰብም፣ አማትም፣ ሰፈሩም ሁለተኛውን ያከብራል። በአገራችን እጀ ሠሪን መናቅ ሥር የሰደደ በሽታ ነበር፤ ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጆችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት በዚሁ ምክንያት ነው። አዋጁ ታወጀ፤ ንቀቱ ግን መልኩን እየቀያየረ እስከ እኛ ደርሷል።

እንግዲህ ማሽኑን ከዚህ ንቀት ለማምለጫ የምንጠቀምበት ከሆነ እኛው ራሳችን ናቂዎቹን ተቀላቀልን ማለት ነው። ጋሼን «የድሮ ሰው» ብለን ትተናቸው የእሳቸውን ሐረግ ከውጭ አገር በተሳሳተ መልክ ገዝተን እናመጣለን። ይህ ዘመናዊነት ነው ብሎ የሚያምን ካለ ያስረዳኝ።

ስለሚነሱት ተቃውሞዎች

አንዳንዶች መብራት በሚቆራረጥበት አገር ይህ ማሽን አይሠራም ይላሉ። ችግሩ እውነተኛ ነው። ትንንሾቹ ማሽኖች ያሉበትን ቦታ የሚያውቁት እርምጃ በመቁጠር ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፤ ሞተሮቹ ግን ቀጥ ይላሉ፣ ቆጠራውም ይጠፋል። መብራት ሲመለስ ማሽኑ የቆመበትን ቦታ ዜሮ ነው ብሎ ያስባል። ነገር ግን መፍትሔ የሌለው አይደለም። ወሰን ላይ ሲደርስ የሚያስታውቅ ሊሚት ስዊች ከተገጠመለት ራሱ ወደ መነሻው ይመለሳል። ጣውላው በተመሳሳይ ማዕዘን ላይ እንዲቀመጥ ሁለት ሦስት ካስማ ጠረጴዛው ላይ መትከል ይቻላል። ረጅሙንም ሥራ ሃያ ሃያ ደቂቃ በሚፈጁ ትንንሽ ፋይሎች መከፋፈል ነው፤ መብራት ቢጠፋ ያንን ቁራጭ ብቻ እንደግማለን። በትልቁ ማሽንም ቢሆን የመብራቱ ችግር ያው ነው።

ሌሎች ደግሞ «ከገዛን አይቀር ትልቁን እንግዛ» ይላሉ። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የማሠልጠኛ ተቋም ውስጥ ለልምምድ ሄጄ በሸራ ተሸፍኖ የቆመ ትልቅ ሲኤንሲ ማሽን አይቻለሁ። የመቆጣጠሪያ ካርዱ ተበላሽቶ መለዋወጫው ከውጭ እስኪመጣ ይጠበቃል ተባልኩ። ሸራው ላይ የነበረው አቧራ ግን የቅርብ ጊዜ አልነበረም። በትንሿ ማሽን ላይ ሰሌዳው ቢቃጠል በርካሽ ይገዛል፤ ፕሮግራሙ ነጻ ነው፤ ሞተሩን ተማሪ ፈቶ ይገጥመዋል። ደግሞም አንድ ትልቅ ማሽን ዙሪያ ሠላሳ ተማሪ ቆሞ ከማየት ስድስት ትንንሽ ማሽን ላይ አምስት አምስት ሆኖ መሥራት አይሻልም?

የሥራ ማጣት ስጋትም ይነሳል። ይህን በቀላሉ የማልፈው አይደለም። ከእንጨት ቅርጽ የሚተዳደር ሰው ጠፍጣፋ ሥራውን ማሽን ከወሰደበት ገቢው ይነካል፤ ይህን መካድ ሐሰት ነው። ነገር ግን ማሽኑ እኛ ባናስገባውም ገበያው ውስጥ ገብቷል። እያስገቡት ያሉትም እንጨት የሚያውቁ ሰዎች ብቻ አይደሉም። ጥያቄው ማሽኑ ይምጣ አይምጣ ሳይሆን ባለቤቱ ማን ይሁን የሚለው ነው። ቀራጩ ራሱ ባለቤት ከሆነ ሻካራውን ለማሽኑ ትቶ ለሚያምረው ሥራ ጊዜ ያገኛል። ነጋዴው ብቻ ከያዘው ግን ቀራጩ የነጋዴው አሸዋ ወረቀት ፈጋጊ ሆኖ ይቀራል።

ምን ይደረግ?

ለትምህርት ክፍላችን የሚከተለውን ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ማንኛውም ተማሪ ማሽኑን ከመንካቱ በፊት ቢያንስ አንድ ሙሉ ሴሚስተር በመሮ ይቅረጽ። አንድ ሐረግ፣ አንድ ገበታ፣ አንድ ክብ ሥራ በእጁ ጨርሶ ያሳይ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ይህን ዘለን የምናገኘው ጊዜ በተበላሸ ጣውላ ይወሰድብናል። ዋንዛ ደግሞ እንደ ድሮው በየቦታው የሚገኝ አይደለም፤ በመለማመጃነት የሚባክን እንጨት አይደለም። ለልምምድ ኤምዲኤፍ ወይም ባሕር ዛፍ እንጠቀም።

ሁለተኛ፦ ማሽኖቹን ሁሉ ከመግዛት ቢያንስ አንዷን ራሳችን እንሥራት። ከኤሌክትሪሲቲ ክፍል ተማሪዎች ጋር ሆነን ፍሬሙን እኛ፣ ሽቦውን እነሱ ቢሠሩ ለመመረቂያ ፕሮጀክት የሚበቃ ሥራ ነው። የሠራነውን መጠገን እንችላለን።

ሦስተኛ፦ የንድፍ ማኅደር እንጀምር። በየዓመቱ ተመራቂ ተማሪዎች ወደየአካባቢያቸው ሲሄዱ አንድ የተቀረጸ ሥራ ለክተው፣ ፎቶግራፍ አንስተው፣ ከቀራጩ ጋር ተቀምጠው ሥለው ይምጡ። በእያንዳንዱ ንድፍ ላይ ከየት እንደመጣና ማን እንዳሳየ ይጻፍ፤ ቀራጩ ፈቅዶ ይሁን፤ ከንድፉ ገቢ ከተገኘም ይካፈል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ለአንድ መምህር የማይቻለው ለአንድ ባች ቀላል ነው። መሣያው ፕሮግራምም አያስወጣም፤ ኢንክስኬፕና ፍሪካድ የመሳሰሉት በነጻ የሚገኙ ናቸው።

አራተኛ፦ ለገዢ እውነቱ ይነገር። በማሽን የተቀረጸው በማሽን፣ በእጅ የተቀረጸው በእጅ ተብሎ ይሸጥ። የእጅ ሥራ ዋጋውን የሚያጣው ማሽን በመኖሩ ሳይሆን የማሽን ሥራ «የእጅ ሥራ» እየተባለ ሲሸጥ ነው።

አምስተኛ፦ አቧራው አይዘንጋ። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት አቧራን እ.ኤ.አ. በ1995 በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትሉ ከተረጋገጡት ውስጥ መድቦታል። በኤምዲኤፍ ማጣበቂያ ውስጥ ያለው ፎርማልዲሃይድም እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በዚሁ ምድብ ነው። እነዚህ ማሽኖች «የቤት» ስለተባሉ በመኝታ ክፍል ውስጥ፣ ሕፃን በሚተኛበት ቤት የሚያሠሯቸው ሰዎች አሉ። የአቧራ መሳቢያ፣ ጭንብልና መነጽር ከማሽኑ ጋር የሚገዙ እንጂ በኋላ የሚታሰቡ መሆን የለባቸውም። ማሽን እየሠራ ጥሎ መሄድም ክልክል ይሁን፤ የዶለዶመ ጫፍ አንድ ቦታ ላይ ሲፋተግ እሳት ያስነሳል።

ማጠቃለያ

ክርክሩ «መሮ ወይስ ማሽን» መሆኑ አላስፈላጊ ነው እላለሁ። መሮም ራሱ አንድ ቀን አዲስ መሣሪያ ነበረ። ልዩነቱ መሮ የያዘው ሰው የሚቀርጸውን ነገር በልቡ ይዞ መቀመጡ ነው። ማሽን ፊት የምንቆመው እኛስ በልባችን ምን ይዘናል? የሌላ ሰው ፍላሽ ዲስክ ከሆነ የያዝነው ዲፕሎማ አያስፈልገንም፤ ቁልፍ መጫን በአንድ ቀን ይለመዳል። የራሳችንን ሐረግ፣ የራሳችንን በር፣ የራሳችንን እንጨት ጠባይ ከያዝን ግን ያቺ ትንሽ ማሽን ጥሩ አገልጋይ ትሆነናለች።

የክፍላችን ኃላፊዎች በሚቀጥለው ሴሚስተር ዕቅድ ላይ ሲነጋገሩ ይህንን እንዲያዩልኝ፣ የምትቃወሙኝም ጓደኞቼ በሚቀጥለው እትም እንድትጽፉ እጋብዛለሁ። ለንድፍ ማኅደሩ ፈቃደኛ የሆናችሁ ግን እስከዚያ አትጠብቁ። እርሳስና ሜትር ይዛችሁ በየሰፈራችሁ ያሉትን ቀራጮች ጠይቁ። ቸር ይግጠመን።